ከናይሮቢው ጉባኤ እስከ ጎረቤትዎ ደጃፍ፦ የሚጥል በሽታ ይታከማል

እስቲ ይህን ያስቡ። በማለዳ ጀሪካንዎን ይዘው የውኃ ተራ ይጠብቃሉ። ከፊትዎ የቆመችው ወጣት በድንገት ጮኻ ትወድቃለች። እጅና እግሯ ይንፈራገጣል፣ አፏ አረፋ ይደፍቃል። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንዱ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» እያለ ይጮኻል። ሌላው «እንዳትነኳት፣ ይጋባል!» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ ጥርሷን ለመፈልቀቅ ማንኪያ ይዘው ይሮጣሉ። እርስዎ ምን ያደርጋሉ?

ብዙዎቻችን ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። ያየነውን ያህል ግን አናውቀውም። ስለ የሚጥል በሽታ በአገራችንም ሆነ በስደት የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከፍርሃት የመነጨ ነው። በዚህ እትም በሽታው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታከም፣ ሰው ሲወድቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ታማሚውም እንዴት እንደ ሰው ሁሉ መኖር እንደሚችል እናካፍልዎታለን። መልካም ንባብ።

ናይሮቢ ላይ የተነሣው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 21 እስከ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ የሚጥል በሽታ ጉባኤ በናይሮቢ ተካሄደ። ጉባኤው የሁለት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተው የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ማኅበር ሲሆን፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው ማኅበር ነው። ሐኪሙና ታማሚው የየራሳቸው ማኅበር ይዘው በአንድ ጉባኤ መገናኘታቸው ሊታወስ ይገባል፤ በሽታውን የሚያውቀው መርማሪው ብቻ አይደለም፣ አብሮት የሚኖረውም ነውና። ከናይሮቢ በኋላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2014 በኬፕታውን፣ በ2017 በዳካር፣ በ2019 ደግሞ በኢንቴቤ ቀጥሏል።

በአፍሪካ ስለ የሚጥል በሽታ በተነጋገሩ ቁጥር የሚነሣው ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ መድኃኒቱ እያለ፣ ያውም ርካሽ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ለምን ሳይታከም ይቀራል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ። ከመቶው 80 ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። በትክክል ቢታከሙ ከመቶው እስከ 70 የሚሆኑት መውደቃቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት እስከ 5 የአሜሪካ ዶላር ድረስ ሊረክስ ይችላል። ሆኖም በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከአራቱ ሕሙማን ሦስቱ ያህል የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና አያገኙም።

የቡታጅራና የናኩሩ ትምህርት

ይህን ክፍተት ለመረዳት ወደ አገራችን እንመለስ። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራ የምርምር ቡድን በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረ 60,820 ሰዎች ያሉበትን ሕዝብ አጠና። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ተገኙ፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀ የበሽታው መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ግን ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። 316 ሰዎች በአንድ ሜዳ ቢሰበሰቡ መድኃኒት የቀመሱት አምስት ያህል ነበሩ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ይወድቅ ነበር፣ ይነሣ ነበር፣ እንደገና ይወድቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ኬንያ እንምጣ። በናኩሩ አካባቢ ቀደም ሲል ሕክምና ያላገኙ 302 ሰዎች መድኃኒት ተጀመረላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ተነገረ። ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ከተከታተሉት 249 ሰዎች ውስጥ፣ በሁለተኛው ግማሽ ዓመት ከመቶ 53ቱ ፈጽሞ አልወደቁም። ሌሎች 26ቱ ደግሞ የሚወድቁበት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የተሰጣቸው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ወይም ካርባማዜፒን ነበር፤ ሁለቱም በእኩል ሠሩ። ሕክምናውም በትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን ለመንደሩ ቅርብ በሆነ ደረጃ የተሰጠ ነበር።

በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎችም ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ሲያክሙ ቆይተዋል። ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህን ነው፦ ይህን ሕመም ለማከም የግድ የነርቭ ሐኪም ያለበት ከተማ መሄድ አያስፈልግም። የሠለጠነ ጤና ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መድኃኒትና የማይሸሽ ጎረቤት ይበቃሉ። ሦስተኛው በእርስዎ እጅ ነው።

ለእኛ ለካምፕ ነዋሪዎች ለምን ይበልጥ ያሳስበናል?

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ድረስ በ15 አገሮች በሚገኙ 90 የስደተኛ ካምፖች የተሰበሰበ የጤና መረጃ ተጠንቶ ነበር። ለአእምሮ፣ ለነርቭና ለሱስ ችግሮች ወደ ክሊኒክ ከመጡት ጉብኝቶች ውስጥ በወንዶች ከመቶ 47 ያህሉ፣ በሴቶች ከመቶ 35 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበር። ከሁሉም አንደኛ ማለት ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው። ከበሽታው መነሻዎች መካከል በወሊድ ጊዜ ሕፃኑ መታፈኑ፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎልን ያጠቃ ወባ፣ እንዲሁም ወደ አንጎል የሚገባ የአሳማ ኮሶ ትል ይገኙባቸዋል። በኬንያ ኪሊፊንና ሌሎች አራት የአፍሪካ አካባቢዎችን ያጠና ምርምር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ አሳይቷል፦ የወሊድ ችግር፣ የጭንቅላት ጉዳትና ጥገኛ ተሕዋስያን ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ጦርነት፣ ረጅም የስደት ጉዞና ከሐኪም ርቆ መውለድ ለእነዚህ አደጋዎች ያጋልጣሉ። በብዙ ሰዎች ላይ ግን መነሻው ጨርሶ አይታወቅም። ስለዚህ «ምን በድለን ነው?» ብለው ራስዎን አይውቀሱ።

በሽታው ምንድን ነው?

አንጎላችን የሚሠራው በጣም ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ መልእክቶች ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ መልእክት ከመጠን በላይ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሰውነት ከባለቤቱ ቁጥጥር ይወጣል። ያለ ግልጽ ምክንያት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተከሰተ የሚጥል በሽታ ይባላል።

ሁሉም ሰው ግን አይወድቅም። አንዳንዱ አንድ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ልጅ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ይቀርና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል፤ አስተማሪው «ሰነፍ፣ ትኩረት የለውም» ብሎ ይቀጣዋል። ልጅዎ እንዲህ የሚያደርገው ከሆነ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ከፍተኛ ትኩሳት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ይህ በራሱ የሚጥል በሽታ አይደለም። ሆኖም ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሕፃኑን ሳይዘገዩ ያስመርምሩ።

የሚጥል በሽታ በለሀጭ፣ በትንፋሽ ወይም በመንካት አይጋባም። ቡዳ አይደለም፣ ልክፍት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ይህን ጠንከር አድርገን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። «ይጋባል» በሚል ፍርሃት የተነሣ፣ እሳት ላይ የወደቀን ሰው የሚያነሣው ጠፍቶ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ጠባሳውን ያመጣው በሽታው ብቻ ሳይሆን የእኛ መሸሽም ጭምር ነው።

ሰው ሲወድቅ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ውኃ ተራው እንመለስ። ወጣቷ መሬት ላይ ናት። እርስዎም አጠገቧ ነዎት። እንዲህ ያድርጉ፦

1. አይደንግጡ፣ አይሽሹም። እሳት፣ ውኃ ወይም መንገድ አጠገብ ከሆነች ወዲያውኑ ከአደጋው ያርቋት። ድንጋይና ጀሪካን ከአካባቢዋ ያንሡ።

2. ከጭንቅላቷ ሥር ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የታጠፈ ልብስ ያድርጉላት። አንገቷን ያጠበቀ ነገር ካለ ያላሉላት።

3. ሰዓት ይመልከቱ። አብዛኛው ጊዜ መንቀጥቀጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይቆማል።

4. እጅና እግሯን በኃይል አይያዙ።

5. አፏ ውስጥ ምንም ነገር አያስገቡ። ማንኪያም፣ እንጨትም፣ ጣትዎንም። ምላስ አይዋጥም፤ ጥርስ ግን ይሰበራል፣ የእርስዎም ጣት ይነከሳል።

6. ክብሪት አያሽቷት። የክብሪት ጭስ መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ይልቁንም ፊቷን ሊያቃጥል ይችላል። ክብሪት ሲያሸቱት የነቃ ሰው ካዩ፣ የነቃው ጊዜው ስለደረሰ ነው።

7. መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኗ ያስተኟት፤ ለሀጩ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ሙሉ በሙሉ እስክትነቃ ውኃም፣ ምግብም፣ ክኒንም አይስጧት።

8. አብረዋት ይቆዩ። ስትነቃ ግራ ልትጋባ፣ ልታፍር ትችላለች። ልብሷን ያስተካክሉላት፣ ሰዉን ይበትኑላት፣ «አይዞሽ፣ አልፏል» ይበሏት።

ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ መውሰድ የሚያስፈልገው መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ደግሞ ከጀመራት፣ ከተጎዳች፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀች፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ይህ ሲያጋጥማት የመጀመሪያዋ ከሆነ ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚቆይ መንቀጥቀጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በእግር ለማድረስ ሩቅ ከሆነ የብሎክ መሪውን ወይም የጤና በጎ ፈቃደኛውን ይጥሩ።

መድኃኒቱ ይሠራል፣ ካላቋረጡት

በብዙ ካምፖች ክሊኒኮች ከሚሰጡት መድኃኒቶች ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ፊኒቶይንና ሶዲየም ቫልፕሮኤት ይገኙበታል። ሐኪሙ አንዱን መርጦ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቢወድቁ «አልሠራልኝም» ብለው አይጣሉት። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልዎት ይችላል፤ ሰውነት ሲለምደው ይቀንሳል። ሰውነትዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ለክሊኒኩ ያሳውቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደህና በሆነ ጊዜ ነው። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ሳይወድቅ ይቀራል። «ድኛለሁ» ይልና ክኒኑን ያቆማል። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ግን ከፊቱ የባሰ፣ ሳያቋርጥ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ገዳይ ነው። መድኃኒቱን ስለማቆም የሚታሰበው ሁለት ዓመት ያህል ሳይወድቁ ከቆዩ በኋላ ነው፤ ያም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም።

ስለዚህ ክኒኑ ከማለቁ አንድ ሳምንት በፊት ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። የራሽን ቀን ወይም የምዝገባ ቀን ከቀጠሮዎ ጋር ከተጋጨ ቤተሰብ ካርድዎን ይዞ ይሂድልዎ። ወደ ናይሮቢ የሚሄዱ፣ ወደ ሌላ ካምፕ የሚዛወሩ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሻገሩ ወይም ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ከሆነ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀትና ለመንገድ የሚበቃ ክኒን አስቀድመው ይጠይቁ። ሕመምዎን ከሐኪም አይደብቁ፤ የተደበቀ ሕመም መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ሕመም ነው።

እንቅልፍ ማጣት ለመውደቅ ይዳርጋል። ጫት ወይም ሚራ ይዞ ማደርና አረቄ መጠጣት ለዚህ ሕመም ጠላት ናቸው።

ለእናቶችና ለወጣት ሴቶች

ነፍሰ ጡር መሆንዎን ሲያውቁ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። ሲወድቁ ለእርስዎም ለፅንሱም አደጋ ነው። ይልቁንም ቀደም ብለው ለክሊኒኩ ይንገሩ፤ ፎሊክ አሲድ ይሰጥዎታል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ግን ፅንስን ስለሚጎዳ ልጅ ሊወልዱ ለሚችሉ ሴቶች ሌላ መድኃኒት ይመረጣል። እየወሰዱት ከሆነ በድንገት ሳያቆሙ ሐኪምዎን በአስቸኳይ ያማክሩ።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ፊኒቶይን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌና በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ግን በእነዚህ መድኃኒቶች አይዳከሙም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ከሆነ ሁለቱን መድኃኒቶች ለአንድ ባለሙያ ያሳዩ።

ጠበል፣ ጸሎትና ክኒን

ብዙዎቻችን ሕመም ሲገጥመን ወደ ጠበል እንሄዳለን፤ ዱዓ እናስደርጋለን፤ እንጸልያለን። ይህ ጽሑፍ ከዚህ አያስቀርዎትም። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ጠበል ሲሄዱ ክኒንዎን ይዘው ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ለሚጥል በሽታም ይኸው ሐሳብ ይጠቅማል።

ስለ ጾምም እንዲሁ። ፌኖባርቢታል ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ክኒኑን ማቋረጥ ላያስፈልግ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ያማክሩ።

ኑሮ አይቆምም

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ጥቂት ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። ምግብ ሲያበስሉ ሰው አጠገብዎ ይኑር። ምድጃው ከፍ ያለ ወይም በጭቃ የተከለለ ይሁን። ሻይና ወጥ የሚፈላበት ድስት መሬት ላይ አይቀመጥ። ወንዝ ብቻዎን አይውረዱ፣ ከፍ ያለ ቦታ አይውጡ፣ መውደቅዎ እስኪቆም ድረስ ሞተር ብስክሌት አይንዱ። ቤት ውስጥ ሲሆኑ በሩን ከውስጥ አይቀርቅሩት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎን ቤት ደብቀው አያስቀምጡት። አስተማሪው ይወቅ፤ ሲወድቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ይንገሩት። ለጋብቻ የሚጠየቁም ሰዎች ሆይ፣ «በዘር ይተላለፋል» ብላችሁ ቶሎ አትፍረዱ፤ ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ አብዛኞቹ ወላጆች ጤናማ ልጆች ይወልዳሉ። ብቸኝነት ከከበዳችሁም እንደ እናንተ ያሉትን ፈልጉ። በኬንያ የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ደህንነት የሚመለከት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1982 ተመሥርቷል። በብሎክ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ቡና አፍልቶ መገናኘትም ጅምር ነው።

ለጤና በጎ ፈቃደኞች

እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ለዚህ ሕመም ትኩረት እንዲሰጡ ወሰነ። በ2022 ደግሞ እስከ 2031 የሚዘልቅ ዕቅድ ጸደቀ። የዕቅዱ መንገድ በሦስት ቁጥር ይነገራል፦ ከሕሙማን ከመቶ 90ው ሕመማቸው የሚታከም የአንጎል ሕመም መሆኑን እንዲያውቁ፣ ከመቶ 80ው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከታከሙትም ከመቶ 70ው መውደቃቸው እንዲቆም ወይም እንዲቀንስ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር፣ ዘጠናው፣ በእናንተ እጅ ነው። እርሱ ሐኪም አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ቤት ለቤት ስትዞሩ «ሕፃን ተከተበ ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ «በዚህ ቤት የሚወድቅ ሰው አለ ወይ?» ብላችሁ በቀስታ፣ ለብቻ ጠይቁ። በጓዳ የተቀመጠ ልጅ፣ ፊቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያላት ሴት፣ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ካያችሁ አትለፉ። ከተቻለ ታማሚውን ራሳችሁ አጅባችሁ ወደ ክሊኒክ አድርሱ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተመልሳችሁ ክኒኑን ቁጠሩ።

ውድ አንባቢያችን፣ ናይሮቢ ላይ ስለ የሚጥል በሽታ ብዙ ተነግሯል፣ ብዙም ተጽፏል። እርስዎ ግን ነገ ጠዋት ውኃ ተራ ላይ ይቆማሉ። ከፊትዎ የቆመ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ክብሪት አይፈልጉ። ቀርበው በጎኗ ያስተኟት፣ ጭንቅላቷን ይደግፉላት፣ ስትነቃም እጇን ይዘው ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትዎ ያንብቡለት።